ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ፦ ኤችዲአር ፎቶግራፍና የአፋር ብርሃን

ሰመራ ላይ ቆሞ የሎጊያን መንገድ በስልኩ የሚያነሳ ወጣት ሳያስበው ኤችዲአር (ሰፊ የብርሃን ልዩነት የሚይዝ) ፎቶ አንስቷል። ስልኩ በአንድ ንክኪ በርካታ ምስሎችን በፍጥነት ይወስዳል፣ ያጋጥማቸዋል፣ ጥላውን አፍክቶ ሰማዩን አብርዶ አንድ ፎቶ አድርጎ ያስረክበዋል። አፕል ይህን አሠራር በአይፎን ላይ ያስገባው በ2010 ነው፤ ጉግልም ኤችዲአር ፕላስ ያለውን በ2013 አስከተለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ፎቶ ባለበት ሁሉ የሚነሳው «ተነክቷል ወይስ አልተነካም?» የሚለው ክርክር ጊዜው አልፎበታል። ሁሉም ተነክቷል። መጠየቅ ያለበት የትኛው ጥላ እንደተከፈተ፣ የትኛው ብርሃን እንደተገራ፣ በዚህም ስለ ቦታው ያወቅነውና ያጣነው ምን እንደሆነ ነው።

የአዋሽ ሸለቆ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ መስክ ነው። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እግረ መንገዱን ጥቁር ባዛልት፣ ነጭ አረፋ፣ ቡናማ ደለልና ፍል ውሃ ያሳያል፤ ከወንዙ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ሲሉ ደግሞ ጨው አለ። በሁሉም ላይ ያው ፀሐይ ነው የሚወርደው። አፋርን ያነሳ ሁሉ «ብርሃኑ ከባድ ነው» ይላል፤ መድኃኒቱም ኤችዲአር ነው ብሎ ያምናል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ሌላ ነው። በዚህ ሸለቆ ቴክኒኩ አለቅጥ የሚሠራበት በማያስፈልግበት ቦታ ነው፤ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ይዘነጋል።

አሠራሩን በአጭሩ እናንሳ። ፎቶ አንሺዎች የብርሃንን ልዩነት የሚለኩት በስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ ከፍ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትዕይንት ውስጥ የአሥር ስቶፕ ልዩነት ካለ፣ ብሩሁ ጫፍ ከጨለማው ከሺህ ጊዜ በላይ ያበራል። የዛሬ ጥሩ ካሜራ ሴንሰር እስከ 14 ስቶፕ ገደማ ይይዛል፤ የወረቀት ኅትመት ግን ከግማሹ እምብዛም አያልፍም። ትዕይንቱ ከሴንሰሩ አቅም በላይ ሲሆን ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቆምና አንድ ምስል ለብሩሁ፣ አንድ ለመካከለኛው፣ አንድ ለጥላው ይነሳል። ሦስቱን ሶፍትዌር ያዋሕዳቸዋል። እስከዚህ ያለው ሥራ መመዝገብ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ፍርድ ነው፦ የተመዘገበውን ሰፊ ልዩነት ጠባብ በሆነው ስክሪን ወይም ወረቀት ላይ እንዴት እናሳየው? ባለሙያዎች ቶን ማፒንግ የሚሉት ይህንን ነው።

ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። ፖል ደበቬክና ጂተንድራ ማሊክ በ1997 ያቀረቡት ብዙ የተጠቀሰ ጥናት ያስተማረው የመጀመሪያውን ነው፤ ከተራ ፎቶዎች ተነስቶ በትዕይንቱ ውስጥ የነበረውን የብርሃን መጠን መልሶ ማስላት። ሕዝቡ ኤችዲአር ብሎ የሚያውቀው ግን ሁለተኛውን ነው። ፎቶሾፕ በ2005 የማዋሐጃ ትዕዛዙን ሲያስገባ፣ ከእሱ ቀድሞ ፎቶማቲክስ የተባለው ሶፍትዌር ሲስፋፋ፣ ድንጋይ ሁሉ ብረት፣ ደመና ሁሉ ማዕበል የሚመስልበት ዘመን መጣ። ያ ዘመን አልፏል ይባላል። በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የተሰቀሉትን ትላልቅ ፎቶዎች ላየ ሰው ግን ገና አላለፈም።

ችግሩ ራሱ የተወለደው ውሃ ዳር ነው። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ አጋማሽ ባሕር ሲያነሳ፣ የዘመኑ የኮሎዲዮን ኔጋቲቭ ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ፈጣን ስለነበር ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀርበት ነበር። ስለዚህ በአንዳንድ ሥራዎቹ አንድ ኔጋቲቭ ለባሕሩ፣ ሌላ ኔጋቲቭ ለሰማዩ ተጠቀመ። ይህን ብዙዎች የኤችዲአር አያት አድርገው ይጠቅሱታል። ብዙም የማይጠቀሰው ለ ግሬ አንዱን ሰማይ ከአንድ በላይ በሆኑ ባሕሮች ላይ መድገሙ ነው። ብርሃንን ለማስታረቅ የገባ እጅ የቦታውን አየር ለመለወጥም ሩቅ አይደለም፤ ይህ ከጅምሩ የነበረ ነገር ነው።

ወደ አዋሽ ካሜራ ይዘው ከወረዱት ቀደምት ተጓዦች መካከል አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይገኝበታል። በ1933 እና 1934 ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ፣ የአውሳን ሱልጣኔት አቋርጦ ወንዙ አቤ ሐይቅ ላይ እስከሚያልቅበት ተከተለው። ኔስቢት የተባለውም ተጓዥ በ1928 ያኔ ደናክል ይባል የነበረውን የአፋር ምድር ለማቋረጥ የተነሳው ከዚያው ከአዋሽ ነበር። የቴሲጀር ፎቶዎች ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ በአንድ ኔጋቲቭ አንድ ቅጽበት። ፊልሙ ያልያዘውን አልያዘም፣ ተመልካቹም የትኛው ጥላ እንዳልተከፈተለት በግልጽ ያያል። ይህን የምለው በናፍቆት አይደለም። ድንበሩ የሚታይ ምስልና ድንበሩን የደበቀ ምስል ለታሪክ እኩል እንደማያገለግሉ ለማሳየት ነው።

አሁን ቴክኒኩ በእውነት ወደሚገባበት ቦታ እንሂድ። በ1966 በተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወንዙ ከባዛልት ደረጃ ላይ ወደ ገደሉ ይወረወራል። ጠዋት ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ሳትገባ ከላይ ሆኖ ለሚመለከት፣ የዓለቱ ጫፍና ከበስተጀርባው ያለው ሜዳ ሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ የፏፏቴው ግርጌ ጥላ ውስጥ ነው። ጥላው ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ብቻ ስለሆነ ከፀሐዩ ሦስት ወይም አራት ስቶፕ ይጨልማል። ባዛልቱ በራሱ ጥቁር ነው፤ በርጭቱ ሲርስ ይበልጥ ይጠቁራል። በላዩ ላይ ነጭ ደመና ካለ፣ የዓለቱ ስንጥቆችም ከተቆጠሩ፣ ልዩነቱ ከ12 ስቶፕ በላይ ሊደርስ ይችላል። እዚያ የቆመ ሰው ግን አይቸገርም። ዓይኑ ከሰማዩ ወደ ገደሉ ሲወርድ ራሱን ያላምዳል፤ በጥላው ውስጥ ያለውን ቁጥቋጦ፣ ከአረፋው ዝቅ ብሎ ድንጋይ ላይ የተጋደመውን አዞ ይለያል። ካሜራው በአንድ ምስል ወይ አዞውን ወይ ሰማዩን ይመርጣል። አዞውን ከመረጠ ሰማዩ ይቃጠላል፤ ሰማዩን ከመረጠ ገደሉ የቀለም ጉድጓድ ይሆናል። ከአዋሽ ሰባት ከተማ ጀርባ ያለው ገደልም ማለዳና ማታ ላይ ያው ነው፦ ከላይ ወርቃማ ጠርዝ፣ ከታች ወንዙ በጨለማ ውስጥ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሦስት ምስሎችን ማዋሐድ ማጭበርበር አይደለም። እዚያ የቆመ ሰው ያየውን መመለስ ነው።

ቀትር ላይ ሜዳ ላይ ስንወጣ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ፎቶ አንሺዎች ኃይለኛ ብርሃንንና ሰፊ የብርሃን ልዩነትን አንድ አድርገው ያያሉ። አንድ አይደሉም። ጥቁር ባዛልት ከሚያርፍበት ብርሃን ከአሥር አንድ እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ፣ ይመልሳል። ንጹሕ ነጭ ጨው ከአሥር ስምንት እጅ ወይም ከዚያ በላይ ይመልሳል። በአንድ ፀሐይ ሥር ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነታቸው አራት ስቶፕ አይሞላም ወይም ከእሱ ብዙ አይርቅም። ብርሃኑ ዓይን ያስጨፍናል፣ አሸዋውን ያፈላል፤ ለሴንሰሩ ግን ቀላል ሥራ ነው። አንድ ምስል፣ በጥንቃቄ የተለካ፣ ይበቃዋል። በሰመራ ዙሪያ ያለውን ጥቁር የድንጋይ ሜዳ ወይም የአፍዴራን የጨው ዳርቻ ቀትር ላይ አምስት ምስል አዋሕዶ የሚያነሳ ሰው ያልነበረ ችግር እየፈታ ነው። ሶፍትዌሩም ሥራ አይፈታም፤ የሚጨምቀው ሰፊ ልዩነት ሲያጣ በየድንጋዩ ጠርዝ ላይ ንፅፅር ይፈለፍላል። ከዚያ በኋላ የምናየው ያ ብረት የመሰለ ድንጋይ ነው። የቀትር ምስል ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ጥላ የለም፣ ቅርጽ ጠፍጣፋ ነው። ለዚህ መፍትሔው ማዋሐድ ሳይሆን መጠበቅ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ድንጋዩ ራሱ ይነሳል።

ጥላ ሁልጊዜ የተሸሸገ መረጃ ነው የሚለው እምነትም መመርመር አለበት። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በፈንታሌና ዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ በተደጋጋሚ በተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ መሬት ተሰነጠቀ፣ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። የስንጥቆቹ ፎቶ በየስልኩ ተዛመተ። ስንጥቅ በፎቶ ላይ ጥልቀቱ የሚታወቀው በጥላው ነው። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ጥላውን አፍክቶ ሲያቀርበው ሰው የሚውጠው ገደል የጭቃ ላይ ጭረት ይመስላል። እዚህ ላይ ጨለማው ማስረጃ ነበር፤ ማሽኑ እንደ ጉድፍ ጠረገው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጠቅመው ለጥላው ዝቅ ተደርጎ የተለካ አንድ ምስልና ለመጠን ማነጻጸሪያ የቆመ አንድ ሰው ነው።

የውሃው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ውሃ አይቆምም። ፏፏቴውን በሦስት ምስል ስናነሳ፣ የመጀመሪያው በሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ሁለተኛው በሁለት መቶ ሃምሳኛ፣ ሦስተኛው በስልሳኛ ሊነሳ ይችላል። በመጀመሪያው ጠብታዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ በሦስተኛው ጅረቱ ተስቦ ጥጥ መስሏል። ሁለቱ ሲዋሐዱ የትም ያልነበረ ውሃ ይወለዳል፦ ጥጥ ላይ የተበተነ ብርጭቆ። ሶፍትዌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ለይተው ከአንዱ ምስል ብቻ ይወስዱታል። ይህ ዘዴ ብልህ ነው፤ ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ እናስብበት። በውሃ ፎቶግራፍ ውስጥ ኤችዲአር ውሃው ላይ ሲደርስ ራሱን ይሰርዛል። ዓለቱ ከሦስት ምስል የተሠራ ነው፣ ውሃው ከአንድ። በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ዓይነት እውነት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ስፌታቸው የሚያልፈውም በትክክል ውሃና ድንጋይ በሚነካኩበት መስመር ላይ ነው። የተዋጣለት ፎቶ አንሺ ያንን መስመር ለማሽኑ አይተወውም። የትኛው ቅጽበት የውሃው ቅጽበት እንደሚሆን ራሱ ይመርጣል፣ በእጁም ያጋጥመዋል። ወይም ደግሞ ጥቁር መስታወት የመሰለውን ኤንዲ ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጎ ሁሉንም ምስሎች በረጅም ጊዜ ያነሳቸውና ውሃው በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ሐር እንዲሆን ያደርጋል። ደለል ለተሸከመው የክረምት አዋሽ ይህ የሐር ስልት አይሆንም፤ ያ ውሃ ክብደት አለው፣ ክብደቱ መታየት አለበት። የእኔ ምርጫ አጭር ሹተርና አንድ ምስል ነው።

ሌላው የውሃ ፈተና ነጸብራቅ ነው። ፀሐይ ወንዙ ላይ ስታርፍ የሚታየው ብልጭታ የፀሐይዋ የራስዋ ምስል ነው፤ ምን ያህል ምስል ቢደረደር አይገራም። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ነገር አለ። የመጥፎ ኤችዲአር ዋነኛ ምልክት ይህ ነው፦ ግራጫ ብልጭታ። ሶፍትዌሩ «ምንም ነገር አይቃጠል» ተብሎ ስለታዘዘ ፀሐይዋን አመድ ያደርጋታል፤ ውሃውም እርሳስ የቀለጠበት ይመስላል። ማንም ሰው አዋሽ ዳር ቆሞ ግራጫ ፀሐይ አላየም፤ የሚያየው ዓይን የሚወጋ ነጭ ነው፣ ዞር ብሎም ያልፋል። ምስሉም እንዲሁ ቢወጋ ምን ነውር አለው? በነገራችን ላይ በ2023 ከአንድሮይድ 14 ጋር የመጣው አዲሱ የስክሪን ኤችዲአር በዚህ ረገድ የተሻለ ተስፋ ይሰጣል፤ ልዩነቱን ከመጨመቅ ይልቅ ስክሪኑ ብልጭታውን በእውነት አብርቶ እንዲያሳይ ያደርጋል። መጽሔት ግን የሚታተመው ወረቀት ላይ ነው።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ በገዋኔና በሚሌ በኩል የሚወጣው መንገድ ሌላ ጉዳይ ያስነሳል፤ እሱም አቧራና ወላፈን ነው። በሐሩር ወራት አየሩ በአቧራ ይሞላል፤ አቧራው ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ ይገረጣል። ከገዋኔ በላይ የቆመው የአየሉ ተራራ አንዳንድ ቀን ከሰማዩ የሚለየው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን ደግሞ በርቀት ያለውን የጭነት መኪና ያርገበግበዋል፤ በተከታታይ የሚነሱ ምስሎች በእያንዳንዳቸው መኪናውን ሌላ ቅርጽ ሰጥተውት ስለሚገኙ ሲዋሐዱ ጠርዙ ይደበዝዛል ወይም ይደረባል። አዶቢ በ2015 ጭጋግን የሚገፍ መሣሪያ ካስገባ ወዲህ የዚህ መንገድ ፎቶዎች በአንድ ጊዜ ጠሩ፤ አየሉ ትናንት ዝናብ እንዳጠበው ሆኖ ይቆማል። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። አቧራው በሌንሱና በአፋር መካከል የተጋረደ መጋረጃ አይደለም፤ የአፋር አንድ አካል ነው። የግጦሹ መሳሳት፣ የወቅቱ ድርቀት፣ የጂቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ብዛት በዚያ ግርጣት ውስጥ ይነበባል። አቧራውን የገፈፈ ፎቶ የአየር ጠባዩን ከመዝገብ ሰርዟል።

ደለሉም እንዲሁ ነው። አዋሽ በክረምት ቡናማ ነው፤ ከደጋው የታጠበ አፈር ነው የሚሸከመው። የአካባቢ ንፅፅር፣ ማለትም የየጠርዙ ንፅፅር፣ እና የቀለም ሙሌት ሲጨመርበት ያ ቡናማ መዳብ ይሆናል፤ በወንዙ ዳር የተንሰራፋው ወራሪ ዛፍ ፕሮሶፒስም እንደ ለምለም መስኖ ያበራል። ፕሮሶፒስ በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ ምን እንዳደረገ የሚያውቅ አርብቶ አደር ያንን አረንጓዴ ውበት ብሎ አይጠራውም። በሶፍትዌሩ ዓይን ግን አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ ነው። በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚለው የቱሪዝም መለያ ከወጣ በኋላ ሀገሪቱን በሚያማምሩ ምስሎች የማስተዋወቁ ፍላጎት ጨምሯል፤ ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው የማስታወቂያው ቀለም ለዘገባውም፣ ለጥናቱም፣ ለመማሪያ መጽሐፉም መደበኛ ቀለም ሲሆን ነው።

በዚህ ረገድ የበሰቃ ሐይቅን ያህል የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም። ሐይቁ መተሐራ አጠገብ፣ ከአዋሽ ፓርክ መግቢያ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ስፋቱ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ ውሃው ጨዋማ ነው፣ እርሻና ግጦሽ ውጧል፣ የአውራ ጎዳናውንና የባቡር መስመሩን መሠረት ሳይቀር ፈትኗል። ማለዳ ላይ ግን እጅግ ውብ ነው። ጥቁር የላቫ ድንጋይ፣ እንደ መስታወት የረጋ ውሃ፣ ከበስተጀርባ ፈንታሌ። ለኤችዲአር የተፈጠረ ትዕይንት ይመስላል፤ ስለዚህም በብዛት ይነሳበታል። የእነዚህ ፎቶዎች ጉድለት የቀለም አይደለም፤ አንዳንዶቹ በሚገባ የተሠሩ ናቸው። ጉድለታቸው ሁሉንም እኩል ማብራታቸው ነው። ሰማዩም፣ ውሃው ውስጥ የደረቀው ዛፍም፣ የተዋጠው ዳርቻም እኩል ብርሃን፣ እኩል ጥራት፣ እኩል ውበት ያገኛሉ። ዓይን ማረፊያ ያጣል። የሞተው ዛፍ ጌጥ ይሆናል። አሜሪካውያኑ ፎቶ አንሺዎች አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1940 ገደማ የዞን ስልታቸውን ሲያበጁ ያስተማሩት ፎቶ አንሺው የትኛው ነገር በየትኛው የጥቁረት ደረጃ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ እንዲወስን ነበር፤ ውሳኔው የትርጉም ውሳኔ ነው። ሁሉን አብሩ የሚለው የዘመናችን ማሽን ያንን ውሳኔ ከእጃችን ይወስደዋል። በበሰቃ ላይ የሚገባው ምርጫ ውሃውን ማጨለምና ዛፉን መለየት ይመስለኛል፤ የምናየው ጎርፍ መሆኑን ተመልካቹ እንዲረዳ።

ለዚህ ሁሉ የተለየ መልስ የሰጠች ሠዓሊ ፎቶ አንሺ አለች። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ በ2018 ከግብረ ሰናይ ድርጅቱ ዋተርኤይድ በቀረበላት ጥያቄ «ዋተር ላይፍ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ሠራች፤ አብዛኞቹን ምስሎች ያነሳችው ዳሎል ላይ ነው። በ2019 ለንደን ውስጥ ሱመርሴት ሐውስ ታይተዋል። ርዕሰ ጉዳዩ ውሃ ነው፤ ውሃ ፍለጋ የሚሄዱ ሴቶች ድካም፣ የውሃ እጦት በሴቶች ሕይወት ላይ የሚያደርሰው። ነገር ግን አይዳ የዳሎልን ብርሃን ለማስታረቅ አልሞከረችም። ሴቶቹን በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ አለበሰቻቸው፣ ፊታቸውን ቀባች፣ መድረክ ላይ እንዳሉ አቆመቻቸው። ማንም ተመልካች «እውነት እንዲህ ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምስሉ የተሠራ መሆኑን ራሱ ይናገራልና። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእሷ ቀለም የተናዘዘ ቀለም ነው፤ በየሆቴሉ ግድግዳ ያለው የዳሎል ፎቶ ግን ምስክር ነኝ እያለ ቀለም ይጨምራል። በዚህም ትልቁን ጉዳት ያደረሰው በዳሎል ላይ ራሱ ነው። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ፣ ከድኝና ከብረት ጨዎች የሚመጣው፣ በእውነት እንደዚያ የደመቀ ነው። ከዓመታት ማጋነን በኋላ ግን ትክክለኛውን ፎቶ ያየ ሰው «ኤዲት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሐሰቱ እውነቱን ተአማኒነት አሳጣው።

ኤችዲአር የግድ የሚያስፈልግበት ግን የሚዘነጋበት ቦታ ያልኩት የሰው ፊት ነው። የካሜራ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። በአፍዴራ ወይም በአሳሌ ጨው ላይ ሲዞር ነጩን አይቶ ምስሉን ያጨልማል፤ ጨው የሚቆርጠው ሠራተኛ ፊቱ የሌለው ጥላ ሆኖ ይቀራል። የጥቁር ሰው ቆዳ በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ የደረሰበት ቸልታ አዲስ አይደለም፤ የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለረጅም ጊዜ የተመሠረቱት በነጭ ሴቶች ቆዳ ላይ ነበር፤ ጉግል የቆዳ ቀለምን በትክክል ለማሳየት ያለመውን ሪል ቶን ያወጣው ገና በ2021 ነው። እዚህ ላይ ተጨማሪ ምስል ማንሳትና ጥላውን መክፈት ከውበት በላይ ፍትሕ ነው። የሚያሳዝነው፣ ለሰማዩ ደመና አምስት ምስል የሚደረድረው ፎቶ አንሺ ለፊቱ አንድም አይጨምርም፤ «ሲልዌት ያምራል» ይላል። ወይም ደግሞ በተቃራኒው ቶን ማፒንጉን በሽማግሌው ፊት ላይ ይለቅበትና እያንዳንዱን ሽብሽባት ወደ ሸለቆ ይቀይረዋል። ጥላን መክፈት አንድ ነገር ነው፣ የአካባቢ ንፅፅርን መጨመር ሌላ። ሁለተኛው ቆዳን ወደ ድንጋይ ይለውጣል፤ የአፋርን ሰው ከመልክዓ ምድሩ ጋር አንድ ያደርገዋል፣ ጠንካራ፣ የተሰነጠቀ፣ ዝምተኛ። ይህ የድሮ ተጓዦች ስለ ደናክል ሰው የነበራቸውን አመለካከት በአዲስ ሶፍትዌር ማደስ ነው። ፊት ላይ ጥላውን ክፈቱ፣ ንፅፅሩን ተዉት።

እነዚህ ምርጫዎች ሁሉ እንዲመረመሩ ዋናው ፋይል መገኘት አለበት፤ ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለመጨረሻ ዙር የደረሱ ተወዳዳሪዎች ከካሜራው የወጣውን የመጀመሪያ ፋይል እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ለእኛም መጽሔቶች፣ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮም ሆነ በመስኩ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህ ቢለመድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከቅጣት ይልቅ ለመዝገብ ሲባል። የበሰቃ ዳርቻ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፤ በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ በሎጊያና በሰመራ አካባቢ ያሉት እንደ አላሎባድ ያሉ ፍል ውሃዎችም ነገ ዛሬ እንዳሉ ለመቆየታቸው ዋስትና የለም። አንድ የተዋሐደ ፎቶ ለግድግዳ ይበቃል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የውሃውን ከፍታ ለሚለካ ሰው ግን የሚጠቅሙት ያልተዋሐዱት ምስሎች ናቸው፤ ቀናቸው፣ ሰዓታቸውና የተነሱበት ቦታ ተጽፎ። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ላሉ ጥሬ ፋይሎች ቋሚ ማስቀመጫ ቢያዘጋጅ ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሃርድ ዲስክና ሥርዓት ያለው ስያሜ ይበቃዋል። ፎቶ አንሺዎችም ከምስሉ ሥር ስንት ምስል እንደተዋሐደ፣ አቧራው ተገፎ እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ፤ ጥሬዎቹንም አታጥፉ።